ሜካ ምንድን ነው? ጋቢናውን እዩ

አንድ ጓደኛዬ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ መጣና «ሌሊቱን ሜካ ሳይ አደርኩ» አለኝ። ሐጅ ያሰበ መስሎኝ ዝም አልኩት። ለካ የሚያወራው ስለ ጃፓን ካርቱን ነው።

ቃሉ ከሩቅ አልመጣም። ጃፓኖች «ሜካኒካል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቆርጠው ሜካ አሉት። እነሱ ጋ ትርጉሙ ሰፊ ነው። ካርቱን ውስጥ የሚሣል ማሽን ሁሉ፣ መኪናውም ጠመንጃውም መንኮራኩሩም ሜካ ነው። ሰው መሣሉን ለሌላ ትተው ማሽን ብቻ የሚነድፉ ባለሙያዎች አሏቸው። ቃሉ ከጃፓን ሲወጣ ግን ጠበበ። እኛ ሜካ ስንል ግዙፍ ሮቦት ማለታችን ነው፤ ያውም ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው።

«ውስጡ ገብቶ» የምትለዋን ያዙልኝ። በራሱ የሚያስብ ሮቦት ሌላ ታሪክ ነው። ሜካ እንደ ሲኖትራክ ነው። ሾፌር ይፈልጋል፣ ጋቢና አለው። ስለዚህ አንድ የሜካ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ማለት ነው) መታየት ያለበት መሆኑን ለማወቅ የሮቦቱን ቁመት አልጠይቅም። ሾፌሩ የት ነው የሚቀመጠው? እዚያ ለመግባትስ ምን ያስከፍለዋል? የማየው እሱን ነው።

መጀመሪያ ጋቢና የሚባል ነገር አልነበረም። ሚትሱቴሩ ዮኮያማ በ1956 የጀመረው «ቴትሱጂን 28» የተባለ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ያለው ሮቦት የሚታዘዘው በሪሞት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሪሞቱን የያዘው ሾታሮ የሚባል ልጅ ነው። ሌባ እጅ ከገባ ግን ሮቦቱ ያለ ምንም ማቅማማት ለሌባው ያድራል። በ1972 ጎ ናጋይ «ማዚንገር ዜድ»ን ይዞ መጣና ልጁን ከሮቦቱ አናት ላይ አስቀመጠው። ኮጂ ትንሿን በራሪ መኪናውን አስነስቶ ይመጣና እንደ ባርኔጣ ጭንቅላቱ ላይ ጉብ ይላል። ናጋይ እንደሚተርከው ሐሳቡ የመጣለት መንገድ ተዘጋግቶ መኪኖች ቆመው ሳሉ ነው። አንዱ መኪና እግር አውጥቶ ከፊቱ ያሉትን ቢሻገራቸውስ? መንገድ ተዘግቶበት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ተመኝቷል።

የናጋይ ሌላው ሮቦት «ግሬንዳይዘር» ሊባኖስ ውስጥ ወደ ዓረብኛ ተመልሶ የዓረቡን ዓለም ልጆች አሳብዷል። ጅዳ ወይም ቤይሩት ያደገ ዘመድ ካላችሁ ስሙን ጥሩለትና ፊቱን እዩት። ሳሚ ክላርክ የዘፈነውን መግቢያ ከልቡ ሊያዜምላችሁ ይችላል።

በ1979 ዮሺዩኪ ቶሚኖ «ሞባይል ሱት ጋንዳም»ን ሠራ። ጋቢናው ከአናት ወደ ሰውነቱ መሀል ወረደ። አሙሮ የሚባለው ልጅ ጦርነት መሀል ሮቦቱ ላይ ወጥቶ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ምን መሰላችሁ? መመሪያውን ማንበብ። መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቁልፍ ይፈልጋል። ጥይት ያልቃል፣ ዕቃ ይሰበራል፣ ሮቦቱ ጋራዥ ይገባል። ተመልካች አላገኘምና ለ52 ክፍል የታቀደው 43 ላይ ተቋረጠ። ነፍስ የዘራበት ቀጥሎ ባንዳይ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ያወጣው በቁራጭ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሜካን ለሁለት ይከፍላል። ተአምር የሚሠራው «ሱፐር ሮቦት»፣ ነዳጅና መለዋወጫ የሚፈልገው ደግሞ «ሪያል ሮቦት» ይባላል።

አሁን ወደ ዘጠናዎቹ። ለእኔ የሜካ ወርቃማ ዘመን ይሄ ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በእጅ የተሣለ ነው፤ ብረቱ ክብደት አለው፣ ሲራመድ አቧራው ይነሣል። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ለቪዲዮ ካሴት የሚሠራው ገበያ ሞቆ ስለነበር አንዳንዱ ሥራ ያለ ችኮላ፣ በዓመታት ተሣለ። ሦስተኛው ደግሞ የጋቢናው ጉዳይ ነው። የዘጠናዎቹ ሰዎች ሾፌሩን ወንበሩ ላይ አመቻችተው ማስቀመጥ ሰለቻቸው።

ዋናው ምሳሌ «ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጀሊየን» ነው። ከኦክቶበር 1995 እስከ ማርች 1996 በቲቪ ቶኪዮ የታየ፣ 26 ክፍል ያለው፣ ሂዴያኪ አኖ የመራው ሥራ። ሺንጂ 14 ዓመቱ ነው። ለሦስት ዓመት ዓይኑን ያላየው አባቱ ድንገት ይጠራዋል። ልጁ «ናፍቆኝ ይሆናል» ብሎ ይመጣል። አባትየው ከላይ ከመስታወት ጀርባ ቆሞ «ግባና ንዳው፤ ካልሆነ ወደ መጣህበት ተመለስ» ይለዋል። እንቢ ሲል በእሱ ፈንታ የቆሰለች ልጅ በቃሬዛ ያመጣሉ። ሺንጂ ሊያነሣት ሲል እጁ ደም ይነካል። ያኔ ይገባል።

የሚገባበትን ነገር እዩልኝ። ወንበሩ ያለው ረጅም ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ከሮቦቱ ማጅራት በታች ይሰካል። ከዚያ ውስጡ ብርቱካንማ ፈሳሽ እየሞላ ይመጣል። ልጁ ትንፋሹን ይይዛል፤ አይያዝም። ፈሳሹን ወደ ሳንባው ስቦ መተንፈስ አለበት። «ያቅለሸልሻል» ሲል «ወንድ አይደለህ፣ ቻለው!» ይሉታል። በነገራችን ላይ ሮቦት የምንለው ይህ ነገር ሮቦትም አይደለም። ሥጋ ያለው ፍጡር ነው። ብረቱ የተገጠመለት ሊጠብቀው ሳይሆን ሊያስረው ነው።

ጀርባው ላይ ደግሞ ገመድ አለ። የመብራት ገመድ! ኢቫንጀሊየን እንደ ፍሪጅ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የሚዋጋው። ገመዱ ከተቆረጠ ባትሪው ቢበዛ 5 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ወደ ታች ሲቆጥር እናንተም አብራችሁ ትጨነቃላችሁ። ክፍል 6 ላይ ጠላት ከሩቅ አነጣጥሮ የሚመታ ሆኖ ስለተገኘ፣ የጃፓንን መብራት በሙሉ ወደ አንድ ጠመንጃ ለማምጣት ይወስናሉ። አገሩ በሙሉ ይጨልማል። ከተማው፣ ተራራው፣ የባሕሩ ዳር አንድ በአንድ ድርግም፣ ድርግም። መብራት ሄደ ማለት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ትዕይንቱ ቤታችን ነው። ብቻ እዚያ የሄደበት ምክንያት ይነገራቸዋል።

የዚያች ሌሊት መጨረሻ ከውጊያው ይበልጣል። ሬይ የምትባለው ልጅ ሺንጂን ልትከላከል ፊቱ ቆማ ማሽኗ ቀልጧል። እሱ ቱቦዋን አውጥቶ በሩን ለመክፈት እጀታውን ይይዛል። እጀታው እሳት ነው። ይጮኻል፤ ግን አይለቅም። ከዚያ በፊት አባቱ ያንኑ በር ለዚያችው ልጅ ሲከፍት መዳፉ ተቃጥሎ ነበር። ሺንጂ ገብቶ ሲያያት ያለቅሳል። እሷ ምን ማድረግ እንዳለባት ግራ ይገባታል። «ፈገግ ብትይስ» ይላታል። ለዚህ ነው ጋቢናውን እዩ የምለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለሕፃን ልጅ አይሆንም። ከመሀሉ በኋላ እየጨለመ ይሄዳል። አሳንሰር ውስጥ ሁለት ልጆች ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳይነጋገሩ የሚቆሙበት ሥዕል አለ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ እኔ በበኩሌ ኢንተርኔቱ የቆመ መስሎኝ ስክሪኑን ነካክቻለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ላይ ሮቦቱ ጠፍቶ ልጁ ከራሱ ጋር ብቻ ይቀራል። ብዙ ተመልካች ተናደደ። በ1997 ሌላ ፍጻሜ ያለው ፊልም ወጣ። እሱም አላረጋጋም።

ጨለማው ከከበዳችሁ «ጂ ጋንዳም»ን ክፈቱ፤ የ1994 ነው፣ 49 ክፍል። አገሮች ጦርነት ትተው በየአራት ዓመቱ አንድ አንድ ሮቦት ልከው ያደባድባሉ፤ ያሸነፈ ይገዛል። ሾፌሩ አይቀመጥም። የሚያጣብቅ ልብስ ከላይ ሰውነቱ ላይ ይወርድበታል፤ ለመልበስ ራሱ ትግል ነው። ከዚያ እሱ ቡጢ ሲሰነዝር ሮቦቱ ይሰነዝራል። ሆላንድ የነፋስ ወፍጮ ሮቦት አላት። ጎረቤታችን ኬንያ የሜዳ አህያ ደርሷታል። መሳቅ ይፈቀዳል።

«ማክሮስ ፕላስ» ደግሞ ጊዜ ለሌለው ሰው ነው። አራት ክፍል ብቻ፣ 1994 እና 95። ወደ ሮቦት የሚለወጡ ሁለት የጦር አውሮፕላኖች ለአንድ ሥራ ይፎካከራሉ። የአንዱ ፓይለት ኢሳሙ በእጁ ይነዳል። የሌላው ፓይለት ጋልድ በሐሳቡ ይነዳል፤ አእምሮው ከማሽኑ ጋር ተያይዟል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የድሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ በመሀላቸው አንዲት ሴትና ያልተዘጋ ቂም አለ። ጋልድ አየር ላይ ሳለ ሐሳቡ ከሸፈተ አውሮፕላኑም ይሸፍታል። ሁለቱ ሲፋለሙ ደግሞ ሦስተኛ ተፎካካሪ ይመጣል፤ ጋቢና የሌለው፣ ሰው የማይፈልግ ድሮን። ይህን በ1994 ነው ያሰቡት። ሙዚቃው የዮኮ ካኖ ነው፤ በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

ዮኮ ካኖን ከወደዳችሁ «የኤስካፍሎኔ ራዕይ» አለላችሁ፤ 1996፣ 26 ክፍል። ሂቶሚ የምትባል የካርታ ጥንቆላ የምታነብ ተማሪ፣ ሰማዩ ላይ ምድርና ጨረቃ ጎን ለጎን የሚታዩበት ዓለም ውስጥ ትገባለች። እዚያ ሮቦቶቹ ባለ ጥርስ ማርሽ፣ ባለ ካባ፣ ባለ ሰይፍ ናቸው። ንጉሡ ቫን ማሽኑን የሚያስነሳው በደሙ ነው። ኋላ ላይ ማሽኑ ሲቆስል ቁስሉ እሱ ገላ ላይ ይወጣል። ክፍያው እንዲህ ግልጽ የሆነበት ሌላ አላውቅም።

ስለ «ጋንዳም ዊንግ» ብዙዎች ይጠይቃሉ። በ1995 ጃፓን፣ በ2000 አሜሪካ ታየና እዚያ ያለውን ልጅ ሁሉ የጋንዳም አፍቃሪ አደረገው። አምስት ቆንጆ ልጆች፣ አምስት ቆንጆ ማሽኖች። ፖለቲካው ግን ክር የጠፋበት ልቃቂት ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ክፍል 20 ላይ ተደናብሬ ትቼዋለሁ። ከእሱ ይልቅ «08ኛው ቡድን» የሚባለውን ጋንዳም እመርጣለሁ። 12 ክፍሎቹ ከ1996 እስከ 1999 ቀስ እያሉ የወጡ ናቸው። ቦታው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው። ጭቃ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ገበሬዎች አሉ። አንዱ ክፍል ላይ የቡድኑ አዛዥ ሺሮና የጠላት ወገን የሆነችው አይና በረዶ ተራራ ላይ ብርድ ሊገድላቸው ይደርሳል። ሺሮ የሮቦቱን የብርሃን ሰይፍ አውጥቶ በረዶውን ያቀልጥና ገላ መታጠቢያ ሙቅ ውኃ ይሠራል። ያን ሁሉ ሚሊዮን የፈሰሰበት መሣሪያ!

«ፓትሌበር 2» የ1993 ፊልም ነው፤ የማሞሩ ኦሺ። በዚያ ዓለም ሮቦት እንደ ክሬንና እንደ ኤክስካቫተር የግንባታ ዕቃ ነው፤ የሚነዳው ሰው ሲያጠፋ የሚይዘው ደግሞ የፖሊስ ሮቦት ነው። ፊልሙ የሚከፈተው ሰላም አስከባሪ ሆኖ የዘመተ አዛዥ ጋቢና ውስጥ ነው። እየተተኮሰበት ለመተኮስ ፈቃድ ይጠይቃል። አይፈቀድለትም። ሰዎቹ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ሮቦት እምብዛም አታዩም፤ ቶኪዮ መንገድ ዳር በረዶ የሚዘንብባቸው ታንኮች ናቸው የሚቆሙት። ድብድብ ለፈለገ አይሆንም።

ለልጆች ከሆነ «ጋኦጋይጋር» ይሁን፤ 1997። እዚያ ያሉት ጀግኖች ጨዋ ናቸው። ከመዋጋታቸው በፊት በግዙፍ መሣሪያ መሬቱን እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ገፍተው ባዶ ሜዳ ያዘጋጃሉ፤ የሰው ቤት እንዳይፈርስ።

እና «ተርን ኤ ጋንዳም»። 1999፣ 50 ክፍል፣ ቶሚኖ ራሱ ተመልሶ። ሮቦቱን የነደፈው አሜሪካዊው ሲድ ሚድ ነው፤ አፍንጫው ሥር ጢም የሚመስል ነገር ስላወጣለት ጃፓን ውስጥ ብዙ ተስቆበታል። እኔም ስቄያለሁ። ሾፌሩ ሎራን ከጨረቃ የመጣ፣ በአንድ ሀብታም ቤት መኪና የሚነዳ ትሑት ልጅ ነው። ጋቢናው ሆዱ ሥር ነው። ደረቱ ላይ የሚሳይል መደርደሪያ የሚሆኑ ባዶ ጎድጓዶች አሉ። ጦርነቱ ሲመጣ ሎራን ላሞቹን እዚያ ውስጥ ይጭናል። ሮቦቱ ሜዳውን እያቋረጠ፣ ላሞቹ ከደረቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እንዳይናወጡ።