ሂል ስቴሽን ምንድን ነው? ለደጋ ሰው የተጻፈ

ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ የባቡር ጣቢያ መስሎኝ ነበር። ሰሜን ሕንድ፣ ቻንዲጋር አካባቢ ተማሪ ሳለሁ ነው። ወሩ ግንቦት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ። የዶርማችን ቬንቲሌተር ሙቁን አየር ከማማሰል ሌላ የሚፈይደው ነገር የለም። የክፍል ጓደኛዬ መጣና «ቅዳሜ ሂል ስቴሽን እንሂድ» አለኝ። «እሺ፣ ከዚያስ ወዴት ነው የምንሳፈረው?» አልኩት። ሳቀብኝ። ቀኑን ሙሉ ለሌሎቹም ሲያወራው ዋለ።

ሂል ስቴሽን ከተማ ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ ሙቀት ለመሸሽ ተራራ ላይ የቆረቆሩት ከተማ። በእነሱ አነጋገር መኮንን ወይም ሹም የሚመደብበት ቦታ ሁሉ «ስቴሽን» ነበር። ቦታው ተራራ ላይ ሲሆን ሂል ስቴሽን ተባለ። ሺምላ፣ ሙሶሪ፣ ናይኒታልና ዳርጂሊንግ በሂማላያ ግርጌ የተሠሩ ታዋቂዎቹ ናቸው። ማናሊ እንደነሱ የቅኝ ግዛት ከተማ ባይሆንም ዛሬ ሕንዶች በዚሁ ስም ይጠሩታል።

የሸሹት ሙቀትን ብቻ አይደለም። ሜዳው ላይ ወባና ኮሌራ ወታደሩን ይጨርሰው ነበር። ዳርጂሊንግን ከሲኪም ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1835 የተቀበሉት የታመመ የሚያገግምበት ቦታ ሊያደርጉት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይሄ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የእኛም አያቶች ቆላ ወርደው ማደር የሚፈሩት በወባ ምክንያት ነበር።

ሺምላ ግን ከማገገሚያም አለፈች። በ1864 የሕንድ የበጋ ዋና ከተማ ሆነች። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር የእንግሊዝ እንደራሴ ፋይሉንና ጸሐፊውን ጠቅልሎ ከዋና ከተማው ከካልካታ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ተራራ ላይ ይወጣል። ሲበርድ ይወርዳል። መንግሥት እንደ ዘላን ከብት በየወቅቱ ሲሰደድ አስቡት። የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ የዚያን ዘመን ታሪክ ይናገራል። ላይ፣ ሪጅ በሚሉት የተራራው ጀርባ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የእንግሊዞቹ መናፈሻ። ታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ተጣብቆ፣ የሕንዶቹ ሎወር ባዛር። ማን የበላይ እንደነበረ ለማወቅ አንገት ቀና ማድረግ ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ሺምላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ናት። አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች! ጓደኛዬ ከሻንጣው ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት አውጥቶ ደራርቦ «ብርዱ እንዴት ነው?» ሲለኝ እኔ ሸሚዝ ለብሼ ቆሜያለሁ። የሐምሌ ጠዋት ስድስት ኪሎ ላይ ታክሲ የጠበቀ ሰው በሰኔ ሺምላ አይበርደውም። እንግሊዝ መንገድ ጠርቦ የወጣበት አየር እኛ ተወልደን ያደግንበት ነው። የእኛ መዝናኛ እንዲያውም ተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበቤ ሲደክመው ወደ ሙቀት ይወርዳል፣ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ። የሂል ስቴሽንን ነገር ሳይነገረው የሚገባው ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው። ሲሞቀው ሐረር መውጣት ያውቅበታል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ የደጋ ሰው ከሆናችሁ ለነፋሻው አየር ብላችሁ ብር አታውጡ። ሌላ የሚያስኬድ ነገር አለ።

አንደኛው ባቡሩ ነው። ተራራው ግርጌ ካለችው ካልካ እስከ ሺምላ ያለው መስመር በ1903 ሥራ ጀመረ። 96 ኪሎ ሜትር ነው። የሐዲዱ ስፋት 76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ባቡሩ የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ሕንዶቹም «ቶይ ትሬን» ይሉታል። በ102 ዋሻዎችና ከ800 በላይ ድልድዮች እየተጠማዘዘ አምስት ሰዓት ገደማ ይወጣል። በመኪና ይፈጥናል፣ ግን ምን ይደረግለታል? ከመሿለኪያዎቹ ረጅሙ ባሮግ ይባላል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሰዎች የሚተርኩት ታሪክ አለ። ባሮግ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተራራውን ከሁለት በኩል አስቆፈረ፤ ሁለቱ ጉድጓዶች መሐል ላይ ሳይገናኙ ተላለፉ። መንግሥት አንድ ሩፒ ቀጣው። ውርደቱን አልቻለም፣ ራሱን ገደለ ይላሉ። ባቡሩ ዋሻው አጠገብ ቆሞ ሰው ሻይ ሲጠጣ ይሄ ታሪክ ሁልጊዜ ይወራል። መስመሩ ከ2008 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው።

ሁለተኛው የእግር መንገዱ ነው። የሺምላ ሞል ሮድ መኪና አይገባበትም። ዕቃ የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው። ፍሪጅ በገመድ ታስሮ ግንባር ላይ ባረፈ ማንገቻ ዳገት ሲወጣ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ያለው ሰውዬ አይታይም። የተሸካሚዎቹ ስም ኩሊ ነው። አዎ፣ ያው የእኛው ኩሊ።

ከሞል ሮድ በላይ ጃኩ የሚባል ኮረብታ አለ፤ 33 ሜትር የሚረዝም የሃኑማን ሐውልት ዝግባው መሐል ብቅ ብሎ ይታያል። ሃኑማን በሂንዱዎች ዘንድ የጦጣ መልክ ያለው አምላክ ነው። ጦጦቹም ቦታው የእኛ ነው ብለዋል። መነጽር ያደረገ ሰው ያውልቅ። አንዷ ከኋላዬ መጥታ መነጽሬን ነጠቀችኝና አጥር ላይ ተቀመጠች። አልሸሸችም። ጠበቀች። አንድ ሻጭ በእርጋታ መጥቶ የሽምብራ ከረጢት ሸጠልኝ፣ ወረወርኩላት፣ መነጽሬን ጣለችልኝ። ሻጩና ጦጣዋ ተነጋግረው የሚሠሩ እስኪመስለኝ ድረስ የለመዱት ንግድ ነው።

ሆዴንም አልረሳውም። መንገድ ዳር ከሰል ላይ በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ክረምት ላይ ጥግ ጥጉን እንደምናየው ማለት ነው። ልዩነቱ አጨራረሱ ላይ ነው። ግማሽ ሎሚ ጨውና በርበሬ ያስነኩና በቆሎውን ከላይ እስከ ታች ያሹታል። ሎሚው ትኩሱ ፍሬ ላይ ቸስ ይላል። ከዚያ ወዲህ በቆሎ ያለ ሎሚ አልጥምህ ብሎኛል። ከዚህ ሌላ ወፍራም የወተት ሻይና ማጊ ነው። እኛ ኢንዶሚ እንደምንለው ሁሉ እነሱ ፈጣን ኑድልን በሙሉ ማጊ ይሉታል፤ የተራራ ምግብ ዋናው እሱ ነው።

ጀብዱ የሚፈልግ ሰው ወደ ማናሊ ይለፍ። ከዴልሂ የሌሊት አውቶቡስ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሊማሊሞን የወረደ ሰው መንገዱ አያስደነግጠውም፤ ሆኖም ፌስታል መያዝ አይከፋም። ማናሊ አጠገብ ሶላንግ የሚባል ሸለቆ አለ። በክረምታቸው ስኪ፣ በሌላው ጊዜ ፓራግላይዲንግ፣ ማለትም በሸራ ክንፍ መብረር ነው። መብረር ከፈለጋችሁ አብራሪውን ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ዋጋውንም መሬት ላይ ሳላችሁ ጨርሱ። ከፍ ብሎ ሮታንግ የሚባል የተራራ ማለፊያ አለ፣ 3,978 ሜትር። በረዶው ስለሚዘጋው በዓመት የተወሰኑ ወራት ብቻ ነው የሚከፈተው። የሚገቡት መኪናዎችም በፈቃድ ናቸው። በ2020 የተመረቀው 9 ኪሎ ሜትር የሆነው አታል ዋሻ ግን ከሥር ሰርስሮ ዓመቱን ሙሉ ወደ ማዶው ያሻግራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የአዲስ አበባ ልጅ መሆን ሺምላ ላይ ይረዳል፤ ሮታንግ ላይ ግን አያኮራም። ቁመቱ ከባሌው ሳነቴ አምባ ጋር የሚቀራረብ ነው። እኔ ከመኪና ወርጄ ሮጥኩ። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ጭንቅላቴ ይመታኝ ጀመር። ቀስ ማለት፣ ውኃ መጠጣት፣ ካልተሻለ መውረድ ነው መድኃኒቱ።

ስለ በረዶም እንዲሁ። በአማርኛ በረዶ ስንል የሚታየን ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። የእነሱ ድምፅ የለውም። እጅጌዬ ላይ ሲያርፍ ቁልጭ ያለ ቅርጹን አየሁት፣ ከዚያ ጠፋ። ወደዚያ ስትወጡ መንገድ ዳር የበረዶ ቱታና ቦት ጫማ የሚያከራዩ ደርዘን ኪዮስኮች አሉ። ቱታው ከብዙ ሰው ላብ ጋር ነው የሚመጣው፤ ከውስጥ የራሳችሁን ልብስ ልበሱ።

መቼ ይኬዳል? የእነሱ ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ። ተራራው ይናዳል። በ2023 ነሐሴ ሺምላ ውስጥ ናዳ ቤተ መቅደስ ላይ ወርዶ ብዙ ሰው ሞቷል። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ሜዳው ሙሉ ስለሚሰደድ ከተማው ይጨናነቃል። በ2018 ሺምላ ውኃ አልቆባት ነዋሪው ባልዲ ይዞ ተሰልፎ ነበር፤ ራሳቸው ነዋሪዎቹ ቱሪስት እንዳይመጣ ለመኑ። ለጥቂት ሰው የተሠራች ከተማ ስንቱን ትሸከም? እኔ ብሆን ጥቅምትን እመርጣለሁ። ሰማዩ ይጠራል፣ የበረዶው ሰንሰለት ከሩቅ ይታያል፣ የአልጋ ዋጋም ይረክሳል።

ያን ጊዜ እሑድ ማታ ተመለስን። ሺምላ ላይ «ይሄም ብርድ ነው እንዴ?» እያልኩ ጓደኛዬን ስቀልድበት ነበር የወጣሁት። አውቶቡሱ ካልካ ደርሶ በሩ ሲከፈት ከውጭ የገባው አየር ክዳኑ የተነሳ ምጣድ ነበር። ጓደኛዬ ጃኬቱን አውልቆ ምንም ሳይናገር አየኝ። እኔም ምንም አላልኩም። ቀጣዩ የሺምላ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን ሹፌሩን ጠየቅኩት።