ባለቀዳዳ ሲሊካ ምንድን ነው? ቆዳ ውስጥስ ይገባል?

"ናኖ ሲሊካ ስላለው መድኃኒቱን ተሸክሞ ቆዳ ውስጥ ይገባል።" ይህን አባባል ከፒያሳ የመዋቢያ ሱቆች አልፎ ባለሙያ ነን ከሚሉ ሰዎችም እየሰማሁት ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ "ቅንጣቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ለምን አይገባም?" ብሎ ሲሟገት ዝም ማለት አልቻልኩም። አይገባም።

ሲሊካ አሸዋ በአብዛኛው የተሠራበት ነገር ነው፤ እዚህ የምናወራለት ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ቅንጣት ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ቀዳዳዎች ስፋታቸው ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ነው። መድኃኒቱን በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ አሟምተን ሲሊካውን እንነክርበታለን። ፈሳሹ ሲተን መድኃኒቱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል።

ሲሊካውን ከሜክሲኮ ፒያሳ እንደሚመላለስ ሚኒባስ አስቡት። ተሳፋሪው መድኃኒቱ ነው። ታክሲው መንገድ ዳር ያወርዳችኋል እንጂ ሳሎናችሁ ድረስ አይገባም። የቆዳችን የላይኛው የሞቱ ሴሎች ንጣፍ በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ብቻ ነው የሚወፍረው። ጤነኛ ከሆነ ግን ቅንጣቱን አያሳልፍም። ቅንጣቱ እላይ ይቀራል፤ ቢበዛ የፀጉር መውጫ ጉድጓዶች ውስጥ ይሰበሰባል። ላብና የቆዳ ወዝ ሲያገኘው "ወራጅ አለ" ብሎ ወደ ውስጥ የሚሄደው ሞለኪውሉ ነው። እሱም ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በላይ ከሆነ በሩ ይጠበዋል። ታክሲ ስለተሳፈረ በሩ አይሰፋለትም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ተሳፋሪዎቹ ቀስ እያሉ ስለሚወርዱ የሚለበልብ መድኃኒት ቆዳው ላይ ባንዴ አይከመርም። ቀዳዳው ከመጠን በላይ ከሰፋ ግን ሁሉም ተግተልትለው ይወርዳሉ። ሌላው ጥቅም የማይስማሙትን መለየት ነው። ሁለቱ የብጉር መድኃኒቶች ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና ትሬቲኖይን ሲቀላቀሉ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትዊኒዮ የተባለው የብጉር ክሬም ሁለቱን ለየብቻ በሲሊካ ሸፍኖ አንድ ላይ አኑሯቸዋል። እዚያ ላይ ያለው ሽፋን ነው እንጂ ቀዳዳ ውስጥ መጫን አይደለም። መሸፈንና መጫን ሲምታቱም ያናድደኛል።

እኛን ክሬም ቀማሚዎችን የሚያስጨንቀን ግን ከቆዳው በፊት ያለው ነገር ነው። ክሬሙ ራሱ መድኃኒቱን የሚያሟሟ ከሆነ ተሳፋሪው ታክሲው ሳይነሳ መናኸሪያው ላይ ይወርዳል። መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ እያለ ከቀዳዳው ወጥቶ ያልቃል። ያኔ የምትቀቡት ተራ ክሬምና ባዶ ሲሊካ ነው። ስለዚህ ሻጩ "30 በመቶ ተጭኗል" ሲላችሁ አትደነቁ። ቁጥሩ የዱቄቱ እንጂ የክሬሙ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ወራት ከቆየ በኋላ ስንቱ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ጠይቁት።

ዱቄቱን ለምትመዝኑ ደግሞ፦ ይህ የድንጋይ ጠራቢዎችን ሳንባ የሚጎዳው ክሪስታል ሲሊካ አይደለም። ቢሆንም ማስክ አድርጉ።

"ጤነኛ ከሆነ" ያልኩት በምክንያት ነው። ችፌ የሰነጠቀው ወይም የቆሰለ ቆዳ በሩ የተከፈተ ነው። እዚያ ላይ ከላይ ያልኩት ሁሉ እንዳለ አይሠራም። እንዲህ ያለ ቆዳ ካላችሁ ከመቀባታችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክራችሁ።