የካባሬ ካርድ ምንድን ነው?

ከ1940 እስከ 1967 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ መጠጥ በሚሸጥበት የምሽት ክለብ ለመሥራት የፖሊስ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነበር። ዘፋኙም፣ ፒያኒስቱም፣ አስተናጋጁም ፖሊስ ዘንድ ሄዶ አሻራ ይሰጣል፤ ካርዱን ይቀበላል። የካባሬ ካርድ የሚባለው ይህ ነው። በአደንዛዥ ዕፅ የተያዘ ሰው ካርዱን ይነጠቃል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሄሮይን ብዙ የጃዝ ሙዚቀኞችን በሱስ ይዞ ነበር። የጃዝ ተጫዋች እንጀራው ደግሞ ክለብ ነው። ስለዚህ ሕጉ ከማንም በላይ እነሱ ላይ በረታ።

የጃዝ ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ በ1947 በዕፅ ክስ ጥፋተኛነቷን አምና ሆስፒታል እንድትላክ ብትጠይቅም የተላከችው እስር ቤት ነው። በ1948 በተፈታች በቀናት ውስጥ የኒውዮርኩን ታላቅ የሙዚቃ አዳራሽ ካርኔጊን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላችው። እዚያው ከተማ ያለ ትንሽ ክለብ ውስጥ መዝፈን ግን አትችልም፤ ሕጉ የሚመለከተው መጠጥ የሚሸጥበትን ቤት ነበርና። በሽታን በዚህ መንገድ መቅጣት ግፍ ነው እላለሁ። ሱሷ አልታከመም፣ የዘወትር ሥራዋ ግን ተወሰደባት። በ1959 ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እንደገና በዕፅ ተከሰሰች፤ በ44 ዓመቷ እዚያው አረፈች። ካርዱ አልተመለሰላትም።

ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ በ1951 ከጓደኛው ከፒያኒስቱ በድ ፓወል ጋር መኪና ውስጥ ሳለ ሄሮይን ተገኘ። በጓደኛው ላይ አልመሰክርም ብሎ ታሰረ፣ ካርዱንም አጣ። ለስድስት ዓመት ያህል፣ ያውም እጁ በበሰለበት ዕድሜ፣ በገዛ ከተማው ክለቦች እንደ ልቡ መጫወት አልቻለም፤ ቤቱን ባለቤቱ ኔሊ ሠርታ ደገፈች። ካርዱ በ1957 ሲመለስለት ፋይቭ ስፖት በተባለው ክለብ ለወራት ተጫወተ። አብሮት ሳክስፎን የሚነፋው ጆን ኮልትሬን ነበር። ኮልትሬን በሱሱ ምክንያት ከጥሩምባ ነፊው ከማይልስ ዴቪስ ባንድ ተባርሮ፣ በዚያው ዓመት ሄሮይንን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ነው። ከሱስ በወጣ ማግስት የሚገባበት ሥራ አገኘ። ካርዱ ከሌሎቹ የነጠቀው ይህንኑ ዕድል ነበር።

ለካርዱ የሚከፈለው ገንዘብ ለፖሊሶች ጡረታ ፈንድ ይገባ እንደነበር በ1960 ወጥቶ ብዙ አነጋገረ። እንዲያም ሆኖ ሕጉ ለመሻር ሰባት ዓመት ፈጀበት።