«ሙዚቃ እኮ ነው፣ ሙሉ ቢሰጧት ምን ነበረበት?»

ሰኔ በመጣ ቁጥር አንድ ወላጅ አላጣም። ካርድ ይዞ ይመጣል። «መምህር፣ ልጄ በሒሳብ 94፣ በእንግሊዝኛ 91 አምጥታ፣ እርስዎ በሙዚቃ 74 ሰጥተው ከሁለተኛ ወደ አምስተኛ አወረዷት። ሙዚቃ እኮ ነው!»

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ሳስተምር ይኸው 14ኛ ዓመቴ ነው። ይህን ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ዛሬ ተቀምጬ ልመልሰው፤ ከሱ ጋር የሚመላለሱትንም ጭምር።

«ሙዚቃ ስሜት ነው፣ አይመዘንም»

ይህን ከሚሉኝ ብዙዎቹ ማሕሌት ቆመው የሚያድሩ ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል። የዜማ ተማሪ መሪጌታው ፊት ቀርቦ በቃሉ ያዜማል። ርክርኩን (ድምፁ የሚርገበገብበትን የዜማ ምልክት) ከሳተ ይመለሳል። ነገም እዚያው ላይ ነው። ድጓ፣ ማለት ትልቁን የዜማ መጽሐፍ፣ ተምሬ ጨረስኩ ያለ ደግሞ ደቡብ ጎንደር፣ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው ሌላው የዜማ ትምህርት ከሆነ ዙር አምባ ይሄዳል። እዚያ «ትክክለኛውን ምረጥና አክብብ» የሚባል ፈተና የለም። አዋቂ ጆሮ አለ። (ዜማ ሙዚቃ አይደለም የምትሉ፣ እሺ፣ አልከራከርም። መመዘኑን ግን አትክዱኝም።)

«የሙዚቃ ማርክ ሮስተር (የውጤት መዝገብ) መሙያ ነው»

መሙያ የሚሆነው መምህሩ ለሁሉም 85 ሲሰጥ ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደዚያ ሰጥቻለሁ፤ አልክድም።

«ድምፅ የሌለው ልጅ ይወድቃል»

አይወድቅም። የድምፁን ማማር አይደለም የምመዝነው። ምት ይይዛል ወይ? የሰማውን መልሶ ይለዋል ወይ? ሁለት ዜማ ሰምቶ የትኛው በባቲ ቅኝት፣ የትኛው በአምባሰል ቅኝት እንደሆነ ይለያል ወይ? ይህ ሁሉ በትምህርት የሚመጣ ነው።

«ፈተናውን ደፍኖታል፣ ስለዚህ ይችላል»

«ክራር ስንት አውታር አለው?» «ዋሽንት ከየትኛው የመሣሪያ ምድብ ነው?» ይህን ለመድፈን ክራርም ዋሽንትም ነክቶ ማወቅ አያስፈልግም። አምና የጽሑፍ ፈተናውን 20 ከ20 ያመጣች የ8ኛ ክፍል ልጅ ጠራሁና ያለንን አንድ ክራር ሰጠኋት። ትዝታ ቅኝት ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነት አለው፤ ክራሩን በሜጀሩ ቃኝቼዋለሁ። «ወደ ማይነር አምጪው» አልኳት። ከዶ ሬ ሚ ድምፆች ሚ እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ደብተሯ ላይ በሚያምር ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምራበት አለ። መቃኛውን ይዛ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ በየት በኩል ነው የሚዞረው?»

ጥፋቱ የሷ አይደለም። አስተምሬያታለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

«ጎበዝ የሙዚቃ መምህር በወላጆች ቀን ይታወቃል»

ይቺ ናት የምታንገበግበኝ። ወላጁም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ አንዳንዴ መምህሩ ራሱም ያምንባታል።

ከስድስት ዓመት በፊት ስምንት ልጆች መድረክ ላይ አወጣሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ርዕሰ መምህሩ አቀፈኝ። የዚያ ሰሜስተር የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ 96 ሆነ። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ከስምንቱ አምስቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመቱ ናቸው። ሁለቱ ቤታቸው ኪቦርድ አላቸው። የአንዱ አባት ማሲንቆ ተጫዋች ነው። የኔ ድርሻ ነጭ ሸሚዝ ማስለበስ ነበር። ለልምምድ ብዬ በወሰድኩት ወር የቀሩት 50 ልጆች «ሌላ ትምህርት አጥኑ» ተብለው ተቀመጡ። ስለነሱ ማንም አልጠየቀኝም።

በዓመቱ ሐሳቤን ቀየርኩና ሁሉንም ልጅ ማሠራት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኛ ስድስት ስምንተኛ የሚባለውን ምት በጭብጨባ እየተለማመድን ነው፤ ያችኑ ሠርግ ቤት ሁላችንም የምናውቃትን ችክችካ። 58 ልጅ ሲያጨበጭብ ጸጥታ ከየት ይምጣ? አስተያየቱ ላይ «የክፍል ቁጥጥር ይጎድለዋል» ብሎ ጻፈ። ውጤቴ 78።

ቅጹን አይቼዋለሁ። ዕለታዊ ዕቅድ አለው? የትምህርት መርጃ ተጠቅሟል? ሰዓት ያከብራል? ክፉ ጥያቄ አይደለም። ግን ልጆቹ መስከረም ላይ ያልቻሉትን ጥር ላይ ቻሉ ወይ የሚል መስመር የለውም። ሥዕል ተመርቆ የመጣውን ባልደረባዬንም በዚያው ቅጽ ነው የሚመዝኑት። «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባለው የትምህርት ዓይነት ሙዚቃውንም ሥዕሉንም አንድ ላይ ስላጨቀው እሱም ሙዚቃ ያስተምራል። ኖታ ማንበብ የተማረው ከኔ ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ የመምህራን ምዘና ከተማሪ ውጤት ጋር ሲያያዝ ለሙዚቃ የክልሉ ፈተና አልነበረም። ስለዚህ የሙዚቃ መምህሩ በትምህርት ቤቱ የሒሳብና የንባብ ውጤት ይመዘን ነበር። ሳቅ አይደል? የሜምፊስ የጥበብ መምህራን ግን ሌላ መንገድ አበጁ። የልጁ ሥራ በሁለት የተለያየ ጊዜ ይያዛል፤ ያንኑ ሙያ የሚያውቅ ሌላ መምህር ልዩነቱን አይቶ ይፈርዳል።

እኔ የነሱ አሠራር የለኝም። ስልክ ግን አለኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ ለስድስት ልጅ እሰጣለሁ፤ የቀረው ክፍል ምቱን በእግሩ ይይዛል። ለአንድ ልጅ 20 ሴኮንድ ቀረጻ፣ ከዚያ ማርክ ሊስቱ ላይ ሦስት ምልክት፦ ምት፣ ዜማ፣ ማዳመጥ። በሳምንት አንዴ ብቻ ብገባም 58ቱን በአሥር ሳምንት አዳርሳለሁ። ጀማሪ መምህር ከሆንክ ከዚህ ጀምር። አሥር ነገር ልመዝን ካልክ አንዱንም አትመዝንም።

አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ አለኝ። የጥቅምቱ ቀረጻ ላይ ምቱን ጥሎ ይሮጣል፤ ሦስተኛው ጭብጨባ ላይ ጓደኞቹን ቀድሞ ጨርሷል። ድምፁም ሻካራ ነው። የጥር ወሩ ቀረጻ ላይ ከጀርባው ያሉት ልጆች ሲፈጥኑ ይሰማል። እሱ ግን አልፈጠነም። አንገቱን እየነቀነቀ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እስከ መጨረሻው ያዛት።

በቀደም ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ሁለቱን ቀረጻ አከታትዬ አሰማሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሁለቴ ሰማ። ፈገግ አለ። «ጥሩ ነው መምህር፣ በርታ» አለኝ። ቅጹን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ለወላጆች ቀን ስንት ልጅ እያዘጋጀህ ነው?»