አብሾ ቅኔ አይቆጥርም፦ ስለ ደራሲነት የሚነገሩ የተሳሳቱ እምነቶችና እውነታው

በደብረ ማርቆስ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርና የወጣቶችን ረቂቅ ሳነብ በኖርሁባቸው ዓመታት ጠጪውን ሊቅና ባለ ቅኔ ያደርጋል ስለሚባለው ስለ አብሾ፣ ከተክል ስለሚዘጋጀው መጠጥ፣ እንደሚነሣው ጥያቄ የሰለቸኝ ነገር የለም። አንድ ወጣት በግጥም ምሽት ላይ ሰውን የሚይዝ ግጥም ካነበበ፣ ወይም አንድ የቅኔ መምህር በክብረ በዓል ላይ መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ አድማጩን በሚያስደምም ሁኔታ በቃሉ ከዘረፈ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዘወር ብሎ «መቼም አብሾ ሳይጠጣ አልቀረም» ይለኛል። ሰንበት ብሎም ወጣቶቹ ለብቻዬ ሲያገኙኝ አብሾ ከማን ዘንድ እንደሚገኝ ይጠይቁኛል። የስንት ዓመት ድካም በአንድ ጽዋ ሲተመን መስማት ያሳዝናል፤ መጠጡ ሰው የሚጎዳ በመሆኑ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አስቀድሜ ቀለል ያሉትን ላንሣ። «ኮከቡ የጽሕፈት ነው» የሚባለው ስሌት የሚነሣው ከሰውየውና ከእናቱ ስም ፊደላት ነው፤ ምን እንዳነበበ፣ ምን ያህልስ እንደጻፈ በስሌቱ ውስጥ ስፍራ የለውም። «ድርሰት የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው» ለሚሉም፣ በቅኔ ቤት ቅኔ ሲቆጠር፣ ማለትም ሲደረስ፣ የኖረው በጠራራ ቀን መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ጫት ካልቃሙ ብዕር አይንቀሳቀስም የሚሉትን ግን በዚህ አጭር መልስ አላልፋቸውም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር እንቅልፍ ይከለክላል፣ ሐሳብ የጎረፈ ያስመስላል፤ በዚያ ስሜት የተጻፉ ብዙ ረቂቆች በእጄ አልፈዋል፤ ገጻቸው ብዙ ሆኖ ሳለ አንዱን ሐሳብ ደጋግመው ከማዞር በቀር ወደፊት አይራመዱም።

አሁን ወደ አብሾ ልመለስ። በሕዝቡ ዘንድ እንደሚነገረው አብሾ የሚዘጋጀው በዋናነት አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ከሚባለው፣ በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መጣያው ከሚበቅለው፣ ነጭ አበባና እሾሃማ ፍሬ ካለው ተክል ነው። የጠጣው ተማሪ የሰማውን ሁሉ የማይረሳ፣ ምሥጢር የሚፈልቅለት ሊቅ ይሆናል ይባላል። እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው። በተክሉ ቅጠልና ፍሬ ውስጥ አትሮፒን፣ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ፤ እነዚህም አሲታይልኮሊን የተባለውን፣ አንጎል ለመማርና ለማስታወስ የሚገለገልበትን መልእክት አስተላላፊ ሥራ ያግዳሉ። ተመራማሪዎች የማስታወስ ችግርን ለማጥናት ሲፈልጉ በሙከራ ላይ ለጊዜው መርሳትን የሚያመጡት በዚሁ በስኮፖላሚን ነው። በአንጻሩ ለአልዛይመር (ለመርሳት በሽታ) ሕመምተኞች የሚታዘዙት እንደ ዶኔፔዚል ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት አሲታይልኮሊን በአንጎል ውስጥ እንዲበረክት በማድረግ ነው። ስለዚህ ትዝታን ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው ነገር የትዝታን በር የሚዘጋ ነው።

የቀረው ጉዳቱ ነው። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውነት ይግላል፣ ሽንት አልወርድ ይላል፣ ሰውየው የሌለ ነገር እያየ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ መጠኑ ከበዛም ይገድላል። በአንድ ወቅት አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ፈተና ሲደርስ ጓደኞቹ አብሾ ነው ብለው የሰጡትን ጠጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ከነፍሱ ሲመለስ ያን ሌሊት ፈጽሞ አያስታውስም ነበር፤ ብሌኑ እስኪሰበሰብ ድረስም ፊደሉ እየደበዘዘበት የገዛ ደብተሩን ማንበብ ተስኖት ሰነበተ።

ይህ ሁሉ እየታየ እምነቱ ለምን አይነቀልም? አንደኛው ምክንያት የጠጣው ሰው ያለ ማቋረጥ የሚለፈልፈውን ሰሚው እንደ ምሥጢር መቁጠሩ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ግን እምነቱ ለራሱ ማምለጫ ያዘጋጀ መሆኑ ነው፤ ተማሪው ሊቅ ከሆነ አብሾው ሠራ ይባላል፣ አእምሮው ከታወከ ደግሞ መጠኑን አላወቀበትም ይባላል። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል፣ ከፍሬ ቅጠል ስለሚለያይ «ትክክለኛ መጠን» የሚያውቅ አዋቂ በየትም አይገኝም። አልኮል ጠጥቶ የሚረብሽ ሁሉ «አብሾ አለብኝ» እያለ ጥፋቱን ማመካኘቱም ይህንኑ እምነት ያጸናል።

ሊቁን ሊቅ ያደረገውን ማወቅ የሚፈልግ ወደ ቅኔ ቤት ይሂድ። ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም፣ ዋድላ በወሎ ስማቸው የሚጠራ የቅኔ መንገዶች ናቸው፤ በሁሉም ቤት ተማሪው አስቀድሞ የግእዝን ግስ፣ ርባ ቅምሩን (የግሱን እርባታ) እና አገባቡን (የቃላቱን አሰካክ) ይማራል። ከዚያ ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ የሚባሉትን የቅኔ ዓይነቶች እያለፈ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ለየኔታ ያቀርባል፤ የኔታም ቤት ያልመታውን፣ አገባቡ የተፋለሰውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማውን በጓደኞቹ ፊት እየለዩ ያርሙለታል። በማግሥቱ የሚጠበቅበት አዲስ ቅኔ ነው፤ የትናንቱን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። ይህን ለዓመታት ያደረገ ሰው በበዓል ቀን ቆሞ ሲዘርፍ ላየው በዚያች ደቂቃ የወረደለት ይመስላል። ከእይታ የተሰወረው እነዚያ የታረሙት ቅኔዎች ብዛት ነው።

የጎጃም ውሃ ደራሲ ያደርጋል የሚለውም ይህን ድካም ካለማየት የመጣ ነው። ጎጃም የተወለዱትን ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን ያሠለጠናቸው ውሃው ሳይሆን በልጅነታቸው ያለፉበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ቅኔ፣ በኋላም ያነበቡትና የኖሩት ሕይወት ነው። የእርሳቸው ታሪክ «እስከ ሃያ ዓመቱ ስም ያላወጣ ደራሲ አይሆንም» የሚለውንም ያፈርሰዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘምተው፣ ተማርከው በጣሊያን ታስረው፣ ለረጅም ጊዜ በዲፕሎማትነት ሠርተው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉት ባላባት፣ ገበሬና የቅኔ ተማሪ እርሳቸው ተወልደው ካደጉበት አገር የተወሰዱ ናቸው።

ከቀሩት እምነቶች አንዱ ግን ከአብሾ ቀጥሎ ብዙ ወጣት ያጠፋ ነውና ልናገረው ይገባል፤ ይኸውም ያላለቀ ድርሰት ለሰው ከታየ ዓይን ይበላዋል የሚለው ነው። በዚህ ፍርሃት ረቂቃቸውን ሣጥን ውስጥ ደብቀው፣ ለማንም ሳያሳዩ ተበድረው ያሳተሙ፣ መጽሐፉም ከእነ ስሕተቱ ወጥቶ እቤታቸው የተከመረባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ተማሪው ቅኔውን በየዕለቱ ለየኔታ እንደሚያቀርብ ሁሉ ደራሲም ገና ማረም በሚቻልበት ጊዜ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት አለበት። የሚመረጠው አንባቢ ቤተ ዘመድ ባይሆን ይሻላል፤ ዘመድ ያመሰግናል እንጂ አያርምም። «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅም ጥቅም የለውም፤ የት ላይ እንደሰለቸው፣ የትኛውን ሰው እንዳላመነው፣ የቱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ነው መጠየቅ ያለበት።

ልብ ወለድ የሚያስብም በአጭር ነገር ይጀምር፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ጠብ ጽፎ እስኪቃና ድረስ ይደጋግመው። የጻፈውን ጥቂት ሳምንት አስቀምጦ፣ ኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ጆሮ የሚይዘውን ስሕተት ዓይን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ወደ እኔ የምትመጡ ወጣቶችም ንጹሑን ግልባጭ ብቻ አታምጡ። የሠረዛችሁባቸውን የቀድሞ ገጾች አብራችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አስቀድሜ የማነበው እነርሱን ነው።