«እከክ ይዟት ነው?» ጸጉር አልባ አይጥ ደብረ ብርሃን ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምና አንድ ወዳጄ ከአገር ሲወጣ ሁለት ጸጉር የሌላቸው ሴት አይጦች ትቶልኝ ሄደ። ይዣቸው ደብረ ብርሃን ስገባ ሰፈሩ ጉድ አለ። «ደህና እንስሳ ጠፍቶ ነው?» ያላለኝ የለም። ምክሩም በዚያው ተከተለ።

«እከክ ይዟት ነው የተመለጠችው።» አይደለም። ከዘር የወረሰችው ነው። ጢሟ ሳይቀር አጭርና ጥምዝምዝ ነው። እከክ ቢሆን ቆዳዋ ቀልቶ ቅርፊት ያወጣ ነበር፤ እሷም ስታክ ትውል ነበር።

«ቅቤ ቀብተህ ፀሐይ አሙቃት።» ይህን ያሉኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። «ልጄ፣ ሕፃን እንዴት ነው የሚያዘው? እንደሱ አድርጋት እንጂ!» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው። ግን ቆዳዋ የራሱ ወዝ አለው። ቅቤ ሲጨመርበት ቆሻሻ ይይዛል፤ ቅቤውንም ልሳ ትጨርሰዋለች። ፀሐዩ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ይለበልባል፤ ራቁት ቆዳ ላይማ አይጣል ነው። በየቀኑ ማጠብም አያስፈልግም፣ ቆዳዋን ያደርቃል። ስትቆሽሽ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

«የኛን ብርድ አትችልም።» ይሄ ግማሹ እውነት ነው። በኅዳር ውርጭ ያለ ሙቀት ካደረች መሞቷ ነው። ቤቱ 24 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይመቻታል፤ ያንን ማን ያገኛል! እኔ ማታ ማታ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎጇቸው በአንዱ በኩል አኖራለሁ። በአንዱ በኩል ብቻ፣ ሲሞቃቸው እንዲሸሹ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላምንም፤ መብራት የሚጠፋው ሲበርድ ነው። ከሰል በጭራሽ። መጀመሪያ ላይ የመንዝ ባና ቆርጬ አንጥፌላቸው ነበር። ሞቃት ነው፣ ግን ይሻክራል፤ ክሩም የአንዷ እግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። አሁን የሚተኙት በለስላሳ የሕፃን ፎጣ ላይ ነው።

«ትንሽ ናት፣ ፍርፋሪ ይበቃታል።» ሙቀቷን የምትይዝበት ጸጉር ስለሌላት ጸጉር ካላት አይጥ የበለጠ ትበላለች። ጨው የሌለው የገብስ ቆሎ፣ የተቀቀለ ምስር፣ ካሮት፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል እሰጣቸዋለሁ። ወጥ አይሆንም።

«ሰጋቱራ አንጥፍላት።» በተለይ የጥድ ሰጋቱራ ይቅር። ለእኛ ደስ የሚለው ሽታ የእነሱን ሳንባ ይቆጣል። አብዛኞቹ አይጦች ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ ይዘው ነው የሚኖሩት። ብርድ፣ አቧራ ወይም የሽንት ሽታ ሲበዛባቸው ይነሳና ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል። ያኔ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሽታ የሌለው ቅዳጅ ወረቀት ይሻላል።

«ደም ታለቅሳለች።» ቀዩ ነገር ደም አይደለም። ፖርፊሪን ይባላል፣ ከዓይኗ ጀርባ ካለ ዕጢ የሚወጣ ነው። ጥቂት ከሆነ ችግር የለውም፤ ሲበዛ ግን ወይ ተጨንቃለች ወይ አሟታል።

«አንዷ ትበቃሃለች።» አይጥ ብቻዋን አትኖርም።

«ብትነክስህ እንደ ውሻ ታሳብድሃለች።» የእብድ ውሻ በሽታ ከአይጥ የመያዝ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። የሚያሰጋው የጓዳው አይጥ ነው፤ በሽንቱ ሌላ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ ለእኔም ለእነሱም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ስሙ ግን ለእነዚህ ተረፈ። ምግባቸውን ከድኜ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

«የሚያክማት የለም።» ይሄንን እኔም አምኜ ነበር። አንዷ ስታስነጥስ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከብትና በግ ነው የለመደው፤ መድኃኒቱ ግን በክብደት ስለሚሰላ መጀመሪያ ትመዘን አለ። ሚዛኑ በሬ እንጂ 300 ግራም አያውቅም። ወርቅ ቤት ሄደን አስመዘንናት። ተመልሰን መዝገቡን ሲሞላ «የእንስሳው ዓይነት» የሚለው ጋ ደረሰና እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።