የታይሮይድ ክኒንና የጠዋት ሆጃ

የታይሮይድ ክኒን «በባዶ ሆድ ይወሰድ» ሲባል ብዙ ሰው ምግብን ብቻ ያስባል። ሐረር ውስጥ ግን ቀኑን ያለ ቡና ወይም ሆጃ ያለ ተባለው የአገሩ ትኩስ መጠጥ የሚጀምር ቤት ስንት ነው? ትእዛዙ እነሱንም ይጨምራል።

ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የሚታዘዘው ክኒን፣ ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። ቡና አብሮት ከገባ፣ ወደ ደም የሚያልፈው መጠን ይቀንሳል። የወተት ካልሲየም ደግሞ ክኒኑን ይይዘዋል። ሆጃ ወተትም የቡና ገለባም አለው፤ ሁለት ጣጣ በአንድ ስኒ! ስለዚህ ክኒኑን በውኃ ብቻ ዋጡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ታገሡ። ሆጃው የትም አይሄድም። የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን ከሆነ ግን ልዩነቱ 4 ሰዓት ይሁን። ነፍሰ ጡሮች በተለይ ልብ በሉ፤ ብረት ይታዘዝላችኋልና።

ለታይሮይድ ሕመምተኞች «ጎመን አትብሉ» የሚባለውስ? የተጋነነ ነው። የሚያሰጋው በጣም ብዙ ጥሬ ጎመን ነው፤ እኛ ደግሞ ቀቅለን ነው የምንበላው።

ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። ከዚያ አልፎ የአዮዲን እንክብል በራስ ገዝቶ መዋጥ ግን ደስ አይለኝም፤ አዮዲን ሲበዛም ታይሮይድን ያውካል። የክኒኑን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ከተቀየረ በኋላም የቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) የደም ምርመራ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል።